ከሳሹ መነኩሴ፦ ስለ ስላቭ የጦርነት ዜና መዋዕሎች ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የመካከለኛው ዘመን ስላቮች ስለ ጦርነት የጻፉትን የሚተች አንድ ጽሑፍ ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሐፊው ብዙ እንዳነበቡ ያስታውቃል፤ አማርኛቸውም ያምራል። ክርክራቸው ባጭሩ ይህ ነው። አንደኛ፣ በዜና መዋዕሎቹ ውስጥ ያለው ሃይማኖታዊ ቃል መነኮሳት በፖለቲካ ታሪክ ላይ የደረቡት ካባ ስለሆነ ገፎ መጣል ነው፤ የሚጎድል ነገር የለም። ሁለተኛ፣ ትረካዎቹ ሁልጊዜ «እኛ ቅዱሳን፣ እነሱ የሰይጣን ጭፍሮች» ይላሉ። ሦስተኛ፣ የመላእክቱና የቅዱሳኑ ተአምር ተራውን ሰው ለማሳመን የተፈበረከ ነው። አራተኛ፣ ተዋጊዎቹ ልባቸው ከጥንት ጣዖታት አልተለየም ነበር፤ ክርስትናው የመነኮሳቱ ብቻ ነው። አምስተኛ፣ ሩሶች ሞንጎሎችን ከገጠሙባት ከኩሊኮቮና ሰርቦች ኦቶማኖችን ከገጠሙባት ከኮሶቮ ተነሥቶ እስከ ዛሬ ጦርነቶች ድረስ ቀጥ ያለ መስመር አለ።

በሁለተኛው ላይ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። በቀሩት አልስማማም፤ በተለይ በመጀመሪያው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እስቲ ካባውን ገፈን የሚቀረውን እንይ። በ1097 የሩስ (ኪየቭን ማዕከል ያደረገው የምሥራቅ ስላቮች ምድር) መሳፍንት ሊዩቤች በምትባል ከተማ ተሰብስበው «ምድራችንን ለምን በገዛ እጃችን እናጠፋለን? እያንዳንዱ የአባቱን ርስት ይያዝ» ተባባሉና መስቀል ስመው ተማማሉ። ብዙም ሳይቆይ የኪየቩ ስቪያቶፖልክ ከዳቪድ ኢጎሬቪች ጋር መክሮ የቴሬቦቭሉን መስፍን ቫሲልኮን በግብዣ ጠርቶ ያዘው፤ ሰዎቻቸውም ዓይኑን አወጡት። በኪየቭ መነኮሳት የተጻፈው ዜና መዋዕል ከዚህ በኋላ ያለውን የሚተርከው እንደ ዓይን ምስክር ነው። ራሱን የሳተውን ቫሲልኮን በጋሪ ጭነው ሲወስዱት በመንገድ አንዲት የቄስ ሚስት በደም የራሰ ሸሚዙን አጥባ አለበሰችው። ሲነቃ ደረቱን ዳበሰና «ለምን አወለቃችሁብኝ? ያንኑ የደም ሸሚዝ እንደለበስኩ ሞቼ በእግዚአብሔር ፊት በቆምኩ ነበር» አለ። ሸሚዙ ማስረጃው ነበር። ተበዳዩ ይግባኝ የሚልበት ምድራዊ ችሎት አልነበረውም፤ ከመሳፍንቱ በላይ የሚቀመጥ ዳኛ በሩስ ምድር የለምና።

ጸሐፊው የሳቱት እዚህ ላይ ነው። መስቀል መሳም በዚያ አገር የፖለቲካው ውል ራሱ ነበር። ስምምነቱ የሚጻፍበት ሰነድ የመስቀል ደብዳቤ ይባል ነበር፤ አንዱ መስፍን ያንን ደብዳቤ ለሌላው መልሶ ከላከ ጦርነት አወጀ ማለት ነው። ስለዚህ ሃይማኖታዊውን ቃል ከታሪኩ የሚያወጣ ሰው ከችሎቱ ፋይል ውስጥ ውሉን ቀዶ እየጣለ ነው። ከዚያ በኋላ ቭላድሚር ሞኖማህና ሌሎቹ መሳፍንት በስቪያቶፖልክ ላይ ለምን እንደተነሡ ሲጠየቅ፣ ካባ ገፋፊው «የሥልጣን ሽኩቻ» ከማለት ሌላ መልስ አይኖረውም። ምንጩ ግን ምክንያቱን በግልጽ ይናገራል፦ ወንድም መስቀል ስሞ ወንድሙን አሳወረ።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም፤ ለእኔ ከሁሉ የሚገርመኝም ቀጥሎ ያለው ነው። ቫሲልኮ ነጻ ሲወጣ ሊበቀል ዘመተ። ቭሴቮሎዥ የምትባለውን ከተማ አቃጥሎ የሸሸውን ሕዝብ አስፈጀ። መነኩሴው እንዲህ ያለ ግፍ የደረሰበትን ዕውር አዝኖለት ዝም ይለዋል ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል፤ «ንጹሐን ሰዎችን ተበቀለ፤ ንጹሕ ደምም አፈሰሰ» ብሎ ጻፈበት። ቀጥሎ የዳቪድን መካሪዎች ተቀብሎ ሲያሰቅል ደግሞ፣ ይህ ሁለተኛ በቀል ነው፤ ሊያደርገው አይገባም ነበር፤ በቀሉን ለእግዚአብሔር ሊተውለት ይገባ ነበር አለው። ከዚያ በ1099 ስቪያቶፖልክ መሐላውን ሁሉ ረስቶ በራሱ በቫሲልኮ ላይ መጣ፤ ሮዥኖ በሚባል ሜዳም ተገናኙ። ዕውሩ መስፍን ስቪያቶፖልክ የሳመውን ያንኑ መስቀል ወደ ላይ አነሣና «ይህንን ነው የሳምከው። መጀመሪያ የዓይኔን ብርሃን ወሰድክ፤ አሁን ደግሞ ነፍሴን ልትወስድ መጣህ። እንግዲህ ይህ መስቀል በመካከላችን ይሁን» አለ። ውጊያው ሲጦፍ ብዙ ደጋግ ሰዎች ከቫሲልኮ ጦር በላይ መስቀል ከፍ ብሎ አዩ ይላል ጽሑፉ። ስቪያቶፖልክ ሸሸ። ያው ሰው ቭሴቮሎዥ ላይ ገዳይ ተብሎ፣ ሮዥኖ ሜዳ ላይ መስቀል ከበላዩ ታየለት። ለአንድ ወገን የሚያሸበሽብ ጸሐፊ እንዲህ አይጽፍም።

ሌላም ልጨምር። በ1067 የቀድሞው የኪየቭ ገዥ የያሮስላቭ ሦስት ልጆች የፖሎትስኩን መስፍን ቭሴስላቭን መስቀል ስመውለት ካስጠሩት በኋላ ይዘው ኪየቭ አሰሩት። በዓመቱ ፖሎቭትሲ የሚባሉት የሜዳ ፈረሰኞች መጥተው ሦስቱን ወንድማማቾች በአልታ ወንዝ ድል ነሡ፤ ኪየቭ ዐመፀች፤ ሕዝቡ ቭሴስላቭን ከእስር አውጥቶ በዙፋን አስቀመጠው። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው ቭሴስላቭ በመስቀል በዓል ቀን ተንፍሶ «ክቡር መስቀል ሆይ፣ በአንተ ስላመንኩ ከዚህ ጉድጓድ አወጣኸኝ» አለ። የቀኑ ነገር ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በአሮጌው አቆጣጠር የእነሱ መስከረም 14 የእኛ መስከረም 17 ነው። ፖሎቭትሲዎቹን ያመጣው ታዲያ ማን ነው? መነኩሴው አይሸሽግም፦ ከሦስቱ ወንድማማቾች የኪየቭን ዙፋን ይዞ የነበረው ኢዝያስላቭ መስቀሉን ስሞ ስለከዳ እግዚአብሔር አረማውያንን አመጣ። ኢዝያስላቭ በኋላ ዙፋኑን መልሶ ያዘ፤ ቃሉ ግን ከዜና መዋዕሉ አልተፋቀም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስንመጣ፣ እውነት ነው፣ ስድብ ሞልቷል። ፖሎቭትሲ «እግዚአብሔርን የማያውቁ» ናቸው፤ መሪያቸው ቦንያክ «እከካም» ነው። በሐምሌ 1096 ቦንያክ የኪየቭን የዋሻዎች ገዳም ሲዘርፍ የዜና መዋዕሉ ጸሐፊ እዚያው ነበር፤ «ከጸሎት በኋላ በየክፍላችን አርፈን ሳለ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ወራሪዎቹ መነኮሳቱን እየገደሉ «አምላካቸው የት አለ? ይርዳቸው እንጂ» ሲሉ ሰማቸው። እንዲህ ካየ ሰው ለስላሳ ቃል መጠበቅ አይገባም። ወዲያው የመቶድዮስ ዘጳጥራ ተብሎ የሚጠራውን የትንቢት መጽሐፍ አነሣ፤ ወራሪዎቹን ከእስማኤል ልጆች ዘር ቆጠራቸው፤ እስክንድር በተራሮች መካከል የዘጋባቸውን ርኩሳን ሕዝቦችም አስከተለ።

ጸሐፊው ያነበቡት እስከዚህ ድረስ ይመስለኛል። የ1068ቱ ሽንፈት ላይ የገባው ረጅም ተግሣጽ ግን ስለ ፖሎቭትሲ ምንም ያህል አይናገርም። ከአሞጽ፣ ከኢዩኤልና ከሚልክያስ እየጠቀሰ የሚወቅሰው የገዛ ምእመናኑን ነው። በቃል ክርስቲያን ነን እንላለን፤ ኑሯችን ግን እንደ አረማዊ ነው ይላል፤ መንገድ ላይ መነኩሴ ያጋጠመው ሰው «ገድ የለውም» ብሎ ይመለሳል፤ አሳማም ቢያጋጥመው እንዲሁ። (መነኩሴና አሳማ አንድ መሆናቸው መነኩሴውን ትንሽ ሳያንገበግበው አልቀረም።) የጨዋታው ሜዳ በሕዝብ ይጨናነቃል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ባዶ ነው። የወገን ጦርነትን ደግሞ የዲያብሎስ ሥራ ይለዋል። ፖሎቭትሲ በዚህ ስብከት ውስጥ በትር ናቸው፤ በትሩን የያዘው እጅ የእግዚአብሔር ነው፤ የሚገረፈው ጀርባ የራሳቸው ነው።

በ1223 ሞንጎሎች ካልካ ወንዝ ላይ ሲደርሱም ነገሩ አልተለወጠም። የኖቭጎሮዱ ዜና መዋዕል የሚጀምረው በኃጢአታችን ምክንያት የማናውቃቸው ሕዝቦች መጡ፣ ማን እንደሆኑ፣ ከየት እንደወጡ፣ ቋንቋቸውና ሃይማኖታቸው ምን እንደሆነ አጥርቶ የሚያውቅ የለም በማለት ነው። መልእክተኞቻቸው «እኛ የመጣነው በእግዚአብሔር ተልከን በባሮቻችን በፖሎቭትሲ ላይ ነው» ሲሉ፣ ያንን ቃል ሳይሳደብ ጻፈላቸው። የሩስ መሳፍንት መልእክተኞቹን ገደሉ፤ እሱንም አልደበቀም። ከውጊያው በኋላ ተከበው የነበሩትን የኪየቩን ምስቲስላቭንና ሁለት መሳፍንትን «አትገደሉም» ብሎ መስቀል ስሞ ያታለላቸው ሰው ሞንጎል አልነበረም፤ ፕሎስኪንያ የሚባል፣ መስቀል የሚስም ክርስቲያን ነው። መሳፍንቱ በሳንቃ ሥር ተጨፍልቀው ሞቱ፤ አሸናፊዎቹ ከሳንቃው በላይ ተቀምጠው በሉ። ከሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ የቭላድሚር ጳጳስ ሴራፒዮን ቆሞ ሲሰብክ ደግሞ አረማውያኑን ለምእመናኑ ምሳሌ አድርጎ እስከ ማቅረብ ደረሰ፦ የእግዚአብሔርን ሕግ የማያውቁ አረማውያን የእምነት ወንድማቸውን አይገድሉም፣ አይዘርፉም፣ አይሸጡም፤ እኛስ? በወራሪ ሥር ላለ ሕዝብ እንዲህ ብሎ መስበክ «እነሱ የሰይጣን ጭፍሮች» ከሚል ሐሳብ ጋር እንዴት እንደሚገጥም ጸሐፊው ያስረዱን።

አብሬያቸው የምሄደው ግማሽ መንገድ ይህ ነው። ያው መሣሪያ አሸናፊው እጅ ሲገባ ይበላሻል። በ1169 የቭላድሚሩ መስፍን የአንድሬይ ቦጎልዩብስኪ ተባባሪ ጦር ኪየቭን ይዞ አብያተ ክርስቲያናት ሳይቀሩ በዘበዛት። ዘራፊውም ተዘራፊውም ኦርቶዶክስ ነው። በአንድሬይ ወገን የተጻፈው ዜና መዋዕል ምን አለ? ይህ የሆነው ስለ ኃጢአታቸው ነው፤ ይልቁንም የዋሻዎቹን ገዳም አበምኔት በጾም ሥርዓት ክርክር ስለቀጣው ስለ ሜትሮፖሊታኑ በደል ነው አለ። እዚህ ላይ «ኃጢአታችን» የነበረው «ኃጢአታቸው» ሆነ። ይህ ነውር ነው፤ ጸሐፊው ይህን ምሳሌ ቢይዙ ኖሮ ክርክራቸው በጠነከረ ነበር። በዓመቱ የአንድሬይ ጦር ኖቭጎሮድን ሊይዝ ሄዶ ተሸነፈ። ኖቭጎሮዶች ድሉ በመስቀል፣ በእመቤታችንና በጳጳሳቸው በኢልያ ጸሎት የተገኘ ነው አሉ፤ ምርኮኞቹንም እያንዳንዱን በሁለት ኖጋታ (የዚያ ዘመን ገንዘብ ነው)፣ በርካሽ ዋጋ ሸጧቸው። ከዚያ ጦርነት ጋር የተያያዘውም የእመቤታችን ሥዕል ተአምር በኋላ ሰፊ ትረካ ወጥቶለት በ15ኛው መቶ ዘመን ራሱ ሥዕል ሆኖ ተሣለ፤ ክርስቲያን በክርስቲያን ላይ ቀስት ሲወረውር በሥዕሉ ላይ ማየት ይቻላል። እግዚአብሔር የማን ወገን ነው የሚለው ጥያቄ እዚያ ውስጥ አልተፈታም፤ ሁለቱም ወገን የየራሱን መልስ ጽፎ ነው ያለፈው።

ሦስተኛው፣ የተአምር ጉዳይ። ውሸታም ማለት የሆነውን እያወቀ የሚሠውር ሰው ነው። በ1240 መስፍን አሌክሳንደር ስዊድኖችን ባሸነፈበት በኔቫ ወንዝ ጦርነት ጊዜ የኖቭጎሮዱ ዜና መዋዕል ድሉን ለቅድስት ሶፍያና ለእመቤታችን ጸሎት ይሰጣል፤ ያው ገጽ ግን የሞቱትን ወገኖቹን በስም ይዘረዝራል፤ ከነሱም አንዱ የቆዳ ፋቂ ልጅ ድሮቺሎ ነው። ጠቅላላውን ከላዶጋ ሰዎች ጋር 20 ይላል፣ ከዚያም «ወይም ያንሳል፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ይጨምራል። ቁጥሩን ለማሳነስም ለማብዛትም ያልደፈረ ሰው ነው። የመስፍኑ የአሌክሳንደር ገድል ደግሞ ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ነው። ጠባቂው ፔልጉሲ ንጋት ላይ ቦሪስና ግሌብ በጀልባ ሲመጡ አየ፤ ከወንዙ ማዶ የሩስ ጦር ያልደረሰባቸው ጠላቶች በእግዚአብሔር መልአክ ተመትተው ተገኙ። ገድሉ ወዲያው በሕዝቅያስ ዘመን በሰናክሬም ሠራዊት ላይ የሆነውን ያስታውሳል። ገድል ያነበበ ኢትዮጵያዊ ይህን አካሄድ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ የዛሬው ነገር ትርጉም የሚያገኘው በመጽሐፈ ነገሥት ውስጥ ቦታው ሲታወቅ ነው። ይህ የጦር ሜዳ ሪፖርት አይደለም፤ ነኝም አላለም።

ለማታለል የተፈበረከ ነው ለሚሉት የ1111ዱን ዘመቻ አቀርባለሁ። ቭላድሚር ሞኖማህ ቀሳውስቱን በሠራዊቱ ፊት አሰልፎ የመስቀሉንና የእመቤታችንን ዝማሬ እያዘመረ ሄደ፤ ዋናው ውጊያ በሰሞነ ሕማማት ሰኞ ሆነ። የተማረኩት ፖሎቭትሲ «ከበላያችሁ ሌሎች በሚያበራ የጦር ዕቃ እየጋለቡ ሲረዷችሁ እንዴት አድርገን እንዋጋችሁ?» አሉ ተባለ። የፕሮፓጋንዳ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ነጥቡን አስቀምጦ ይሄድ ነበር። የሩሱ ጸሐፊ ግን ስለ መላእክት ማሰላሰሉን ቀጠለ፤ ለእያንዳንዱ ምድር የሚጠብቀው መልአክ ተመድቦለታል፣ ምድሩ የአረማውያን ቢሆንም እንኳ አለ። በድሉ ማግስት፣ የጠላት ምድርም ጠባቂ መልአክ እንዳላት የጻፈ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሳያነሡት ያለፉት አንድ እውነተኛ እሾህ አለ። ቦሪስና ግሌብ ቅዱሳን የሆኑት በ1015 በወንድማቸው በስቪያቶፖልክ (ከላይኛው የተለየ፣ «ርጉም» የተባለው ነው) ላይ ሰይፍ አንመዝም ብለው ስለሞቱ ነው። በኔቫ ግን ዘመዳቸውን በጦርነት ሊረዱ በጀልባ መጡ። ሰይፍ ያልመዘዙት የሰይፈኛ ረዳት ሆኑ። ይህ ለውጥ ጥያቄ ያስነሣል፤ እኔም አላስታርቀውም።

አራተኛውን ባጭሩ። ጸሐፊው የያዙት የሩስ መስፍን ኢጎር በፖሎቭትሲ ላይ ስላደረገው ዘመቻ የሚተርከውን ታዋቂ ግጥማዊ ጽሑፍ ነው፤ ዳዥቦግ፣ ስትሪቦግ፣ ቬለስ የሚባሉ የጥንት አማልክት ስም አለበት። ብቸኛው ጥንታዊ ቅጂ በ1812 በሞስኮ ቃጠሎ ጠፍቷል፤ በጽሑፉ እውነተኛነት ላይም ረጅም ክርክር ተደርጓል። እውነተኛ ነው ብለን ብንቀበለው እንኳ ኢጎር ከምርኮ አምልጦ የሚሄደው ወደ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ነው። የዚያው የ1185 ዘመቻ ሌላ ትረካ በዜና መዋዕል ውስጥ አለ። እዚያ የተሸነፈው ኢጎር ራሱን ይከሳል፦ በክርስቲያን ምድር ብዙ ደም አፍስሻለሁ፤ በፔሬያስላቭል አጠገብ ያለችውን ግሌቦቭን ስይዝ ለክርስቲያኖች አልራራሁም፤ አሁን የሥራዬን አገኘሁ። በምርኮ ሳለም ቄስ ከነንዋየ ቅድሳቱ ከሩስ አስመጥቶ ነበር። ንስሐውን የጻፈለት መነኩሴ ነው ይባል። ያም ሆኖ የግሌቦቭ ሰዎች ስቃይ ታሪክ ውስጥ የገባው በዚያ ንስሐ በኩል ነው፤ በአማልክቱ ስም በኩል አይደለም።

አምስተኛው ላይ ጸሐፊው ቀጥ ያለ መስመር ይላሉ። ኩሊኮቮ መስከረም 8 ቀን 1380 ነው፤ ዛሬ ሰው የሚያውቀውን ያሸበረቀ ትረካ የጻፉት ግን ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው። ለዘመኑ ሰዎች የቀረበው ቁስል የ1382ቱ ነው። የሞንጎሎቹ ካን ቶህታሚሽ ሞስኮን ከቦ መግባት ሲያቅተው፣ አብረውት የመጡ ሁለት የኒዥኒ ኖቭጎሮድ መሳፍንት ለከተማዋ ሰዎች «እመኑን፤ እኛ ክርስቲያን መሳፍንታችሁ ነን፤ ምንም አይደርስባችሁም» ብለው ማሉላቸው። በሩ ተከፈተ፤ ከተማዋ ነደደች። ዜና መዋዕሉም ወደ ቀድሞ ቃሉ ተመለሰ፦ ስለ ኃጢአታችን። ቀጥታ መስመር የሚሰምሩ ሰዎች 1380ን ያነሣሉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ያለውን ይዘሉታል።

ኮሶቮም እንዲሁ። በ1389 የሰርቦች መስፍን ላዛር ከወደቀ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት የተጻፉት ድርሳናት ሰማዕት አድርገው ያለቅሱለታል። በ1402 መነኩሲት ዬፊሚያ በወርቀ ዘቦ ክር በሐር ላይ የጠለፈችው ውዳሴ ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ዴስፖት የሚባል የገዥነት ማዕረግ የነበረው ባሏ ኡግልዬሻ በ1371 በማሪጻ ጦርነት ሞቷል፤ ሕፃን ልጇንም ቀብራለች። ላዛርን የምትለምነው ጊዮርጊስን፣ ዲሜጥሮስን፣ ቴዎድሮሶችን፣ መርቆሬዎስንና የሰብስጥያን አርባ ሰማዕታት ሰብስቦ ልጆቹን እስጢፋኖስንና ቩክን እንዲረዳ ነው። በዚያው ዓመት እስጢፋኖስ የሱልጣን ባየዚድ ገባር ሆኖ በአንካራ ተሰልፎ ነበር፤ የተዋጋውም አባቱን ለገደለው መንግሥት ነው። ሰማዕታቱ የተጠሩት የኦቶማንን ሰንደቅ ተከትሎ ለሚዘምት ክርስቲያን ልጅ ነው። ላዛር ምድራዊውን ትቶ ሰማያዊውን መንግሥት መረጠ የሚለው ዝነኛ የሕዝብ ግጥም በግጥም ሰብሳቢው በቩክ ካራጂች የታተመው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው፤ የኋለኛው ፖለቲካ የተደገፈውም በዚያ ግጥም ላይ ነው። ጸሐፊው መስመሩ ቀጥ ያለ ነው ካሉ፣ ዬፊሚያ የጸለየችለት ልጅ አንካራ ላይ የቆመበትን ወገን በመስመሩ ላይ የት ያስቀምጡታል?